በካሳቫ አድገው በጉሎ የጨረሱት

ሰኞ፣ ነሐሴ 4፤ ጠዋት

ቅጠሉ ዛሬም ረጥቧል። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ረዳቴ ማርታና እኔ አንድ በአንድ በጨርቅ እያበስን ነው። እርጥብ ቅጠል የበላ የሐር ትል ሆዱ ይላላል፣ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ይህን ለመ/ቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬ ደክሞኛል። ትናንት ዘበኛው ልርዳ ብሎ የጉሎ ቅጠሉን ከነውሃው ሲበትንላቸው ደረስኩበት። ጮህኩ። ከብት እንኳ ጤዛ ያለበት ሣር ይበላል አለኝ። ከብት!

ግን ደስ ብሎኛል፤ ከአንተ አልደብቅም ደብተሬ። ዛሬ የመጨረሻ ቆዳቸውን ገፈው ተነሥተዋል። ከእንግዲህ መብላት ብቻ፣ ከዚያ መፍተል። ጆሮህን ወደ ሰፌዱ ብታስጠጋ፣ ማዶ ክፍል ሰው ቆሎ የሚቆረጥም ይመስልሃል።

ግራ መደርደሪያ ጉሎ ብቻ። ቀኝ መደርደሪያ የካሳቫ ቅጠል ብቻ። አንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ አንድ ክፍል ያደጉ ናቸው። የጉሎዎቹ ደንደን ብለዋል። የካሳቫዎቹ ቀጫጭን።

ኃላፊያችን ትናንት መጡ። ለአብዮት በዓል ባህል አዳራሽ ኤግዚቢሽን አለ፤ ትሉ ፈትሎ የሚጠቀለልበትን ጎጆ በክምር ማሳየት ይፈልጋሉ። ወፍራም ወፍራሙን። ካልሆነ ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። "ክምር" የሚለውን ቃል ደጋግመው አሉት። እንቁላሉን አንድ ወዳጄ ነው ከውጭ በኮቱ ኪስ ያመጣልኝ። እነዚህ ከሞቱ ሌላ ዘር የለኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5፤ 6 ሰዓት

በቁጣ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጉሎ የለም! ከአሞራ ገደል መንገድ ጀምሮ በየአጥሩ ሥር፣ በየቦዩ ዳር የነበረው ሁሉ ተነቅሏል። የጽዳት ዘመቻ። ከተማው ለበዓሉ ይዋብ ተብሎ። የቀበሌው ሊ/መንበር፣ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ሲያስቀባ አገኘሁት። ጉሎ አረም ነው፣ የወባ ትንኝ ይሸሸግበታል አለኝ። የእኔ ትሎች ምሳ ነው አልኩት። ማጭድ የያዙት ሁሉ ሳቁ። አንዷማ "ዶክተር ጉሎ! ለእራትስ ምን ይሥሩላቸው?" አለች። ዶክተር አይደለሁም። ስሙ ግን ተለጠፈ፤ ስመለስ ሁለት ቦታ ተጠራሁበት።

ያው ቀን፣ ማታ

ሊ/መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። የተነቀለውን ጉሎ በጋሪ ጭኖ ላከልኝ። ጭቃ የነካው፣ ተከምሮ የጋለ፣ የጠወለገ። መለስኩት። ንቀት መሰለው። ማርታ፣ ተቀብለው አመስግነው ኋላ ቢጥሉት ምን ነበረበት ጋሼ አለችኝ። እውነቷን ነው። አልችልበትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ያለን ጉሎ ጠዋት አለቀ። ለጉሎዎቹ ካሳቫ ሰጠናቸው።

አልበሉም። ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ይዞራሉ። እስከ ሰፌዱ ጠርዝ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይወድቃሉ። ማርታ፣ "የጌታ ልጆች ናቸው ጋሼ፤ ወጡ ካልጣፈጣቸው ጦማቸውን ያድራሉ" አለች። ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ከመሬት የወደቀች አንዲት የጉሎ ቅጠል አንሥቼ በካሳቫዎቹ ሰፌድ ላይ ጣልኩ።

ስማኝ! ተረባረቡባት። እርስ በርስ እየተረጋገጡ። ዘወር ብዬ ስመለስ የቀረው የቅጠሏ አጥንት ብቻ!

ከጉሎ ወደ ካሳቫ ሞተው አይሄዱም። ከካሳቫ ወደ ጉሎ ግን ይሮጣሉ። አሁን አስብ። የሐሩ ፈሳሽ በሆዳቸው የሚሞላው በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ዕድሜ ነው። ታዲያ ልጅነታቸውን በካሳቫ አሳልፈው ማብቂያቸውን ብቻ ጉሎ ቢያገኙስ? ይወፍራል ወይ ጎጆው? እንዲያ ከሆነ ገበሬው ለሥሩ የተከለውን ካሳቫ ይዞ ይጀምራል፤ ጥቂት ጉሎ ይበቃዋል። ጥቂት! መቀመጥ አልቻልኩም። ክፍሉን እየተንጎራደድኩ ነው።

ጉሎ ግን የለኝም። ይህን ከተማ!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

አገኘሁ። መሃል ከተማ፣ ጨርቅ ከሚሸጡት ከሐጂ ሱቅ ጀርባ። የጠቆመችኝ ማርታ ናት፤ ክር የምትገዛው ከእሳቸው ነው። ጉሎው የሱቁን ጣሪያ አልፏል። ዘመቻው እንዴት ሳተው ብዬ ጠየቅሁ።

"አጥሬ የተደገፈው እሱን ነው፤ ብትቆርጡት አጥሩ ይወድቃል፣ እንግዶቻችሁም የኔን ሽንት ቤት እያዩ ያልፋሉ አልኳቸው። ሮጡ!"

ለሐር ነው የምፈልገው ስላቸው ከመደርደሪያ የጥልፍ ክር አውርደው ዓይኔ ሥር ያዙት። ይሄ በመርከብ የሚመጣው? ከትል አፍ? በዚህ ዕድሜዬ አይቀልዱብኝ አሉ። ተናደድኩ። አስረዳሁ። ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ገብቷቸው ሳይሆን ከጩኸቴ ለመገላገል ይመስለኛል ፈቀዱ። "ይውሰዱ። ሐሩን ሳያሳዩኝ ቢቀሩ ግን ሌባ ነው የምልዎ።"

ክራባቴን እንዳሰርኩ መሰላል ወጣሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

አንድ ዛፍ ለሁለቱም ወገን አይበቃም። ኃላፊው ሁሉንም ለወፍራሞቹ፣ ለጉሎዎቹ ስጥ አሉ፤ ክምሩ እነሱ ናቸውና። እውነት ነው፤ ካሳቫ እምቢ ብለው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ግን ሁሉን ለእነሱ ብሰጥ የማውቀውን መልሼ አወቅሁ ማለት ነው።

ግማሹ ለጉሎዎቹ። በግማሽ ሆድ ይኑሩ። ግማሹ ከካሳቫዎቹ ለሁለት ሰፌድ። የቀሩት ካሳቫዎች እንደ ካሳቫነታቸው ይቀጥሉ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው። ለኃላፊው አልነገርኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16

ሁሉም ወደ መፍተሉ ገብተዋል። በየደረቁ የእንሰት ቅጠል እጥፋት ውስጥ ተሸጉጠው። የጉሎዎቹ ርሃብ ስላዋከባቸው ቀድመው ጀመሩ። ጎጆአቸው ስስ ነው፤ ወደ መስኮቱ ብትይዘው ብርሃን ያሳልፋል። ኃላፊው አንዱን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ተነፈሱ። ከኋላቸው ሜትር የያዘ ሰው ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ ክፍሉን ለካ! ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚይዝ ተነጋገሩ። የሁለቱን ሰፌድ ነገር ገና አላዩም። እኔም አላሳየኋቸውም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

መዘንኩ። አላመንኩም። ሚዛኑን ጠርጌ ጎጆዎቹን ደግሜ መዘንኩ። ሰፌዶቹን አቀያይሬ ማርታ እንድትመዝን አደረግሁ።

በካሳቫ አድገው በጉሎ የጨረሱት ከሁሉም ይከብዳሉ! ካሳቫ ብቻ ከበሉት እጅግ፤ በግማሽ ሆድ ከቀሩት ጉሎዎችም። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ። ማርታ "ሃሌሉያ" አለች፤ ወዲያው አፏን ይዛ ወደ በሩ ዞረች። እዚህ መ/ቤት እንዲህ ያለ ቃል ያስጠይቃል። ድገሚው አልኳት።

ከሰዓት ሐጂን ጠራኋቸው። አንዱን ጎጆ ጆሮአቸው ሥር አድርገው ነቀነቁ፤ ውስጡ ያለው ተንኳኳ። ከላዩ ፀጉር የምታህል ክር ሳቡ፣ አሁንም ሳቡ። "ሱብሃነላህ" ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ዋጋ ጠየቁኝ!

እሑድ፣ ጳጉሜን 1

ኃላፊው ሰሙ። መጡ። ፊታቸው በርቷል። ሁሉንም ወፍራሞች ለአዳራሹ አሉ፤ ግን ከዚያ በፊት በዳቦ ቤት ምድጃ እናሙቃቸው፣ እንግዳ ፊት ቢራቢሮ እንዳይወጣብን። ክፍሉም ያንተ ነው፣ በጀትም እጠይቃለሁ አሉ።

ማሞቅ ማለት መግደል ነው። ዘሩ ውስጡ ነው፤ እንቁላል የሚጥለው ያ ቢራቢሮ ነው። አንድ ዙር ምንም አያረጋግጥም፤ ሙቀቱ ሊሆን ይችላል፣ ያ አንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ጉሎ እስኪጠግቡ ከሚበሉት ጋር ገና አልተነጻጸሩም። መድገም አለብኝ። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ስሶቹን በሙሉ ይውሰዱ፣ ከወፍራሞቹም እፍኝ ልጨምር አልኩ።

"ክምር ነው ያልኩህ፤ እፍኝ አላልኩም።"

እስከ ማክሰኞ እንዳስረክብ አዘዙ። ልንገርህ፣ ፈተነኝ። ክፍል። በጀት። እጅ መጨባበጥ። ከዚያስ? ባዶ ሰፌድ ደርድሬ በጀት ላበላ ነው?

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3፤ ማታ

ወስኛለሁ።

ጠዋት ስሶቹን ጎጆዎች ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከመርኩ። ይኸው ክምርዎ አልኩ። ወፍራሞቹን አላስረክብም፣ ክፍሉን ይውሰዱት። ትጠየቃለህ አሉኝ። እጠየቃለሁ አልኩ።

ማርታና እኔ ሰፌዶቹን በነጠላ ሸፍነን ወደ ቤቴ አመጣናቸው። ሳሎኔ ከእንግዲህ ሳሎን አይደለም። ሶፋው በረንዳ ላይ ወጥቷል፤ ይዝነብበት። የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሜአለሁ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ። ማርታ ልትሄድ ነጠላዋን እያነሣች ነው። ነገ እኔም ወደ ቀበሌ እሄዳለሁ፤ ያንን ልጅ ስለ ጋሪው ይቅርታ እጠይቀውና የቦዩን ዳር ለጉሎ እንዲለቅልኝ…

ቆይ። ከላይኛው ሰፌድ የአንዱ ጎጆ ጫፍ ረጥቧል። እየሰፋ ነው። የቢራቢሮ እግር ነው! ማርታን ልጥራት፣ ገና በር ላይ ናት…