ባንዲራዬ የቆመበት ሁለት ሜትር

ሴፕቴምበር 2
ጎረቤቴ ሆልገር ከሆስፒታል ወጡ። ዳሌያቸው በብረት ተጠግኗል። ልጃቸው ማርግሬተ ከኦርሁስ መጥታ አብራቸው አደረች፤ ልጆቿን ለባሏ ጥላ። ትንሹ ጥርስ እያበቀለ ቤቱን በለቅሶ አናግቶታል አለችኝ። እንቅልፍ የላትም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

ጎረቤቴ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጁን ላይ በብስክሌት ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ፣ ነፋሱ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ሹፌሩ ዞር ብሎም አላየ። አሁን ጎማ ያለው መደገፊያ እየገፉ ነው የሚሄዱት። ጥቁር ዳቦና በላዩ የሚቀባ የተፈጨ ጉበት ይዤላቸው ገባሁ። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሏል። የት? አስፋልታችን ዳር የለውም። ነጩ መስመር፣ ከዚያ ቦይ።

ሴፕቴምበር 9
ገንዘቡ ተፈቀደ። መንግሥት ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ከመደበው ለእኛ ለኤልስትሩፕም ደረሰን። ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን ማዘጋጃ ቤቱ። ከቤተ ክርስቲያኑ በሱቁ በኩል እስከ ከተማው ትምህርት ቤት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... በየቀኑ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለሥራ የምመላለሰው እኔ አይደለሁም?

ግን ጋዜጣው ላይ የወጣችው ቪቤከ ናት፣ ከጓሮዬ በኩል ያለችው። «የመንገዱ እናት» ይላል። ከኮፐንሃገን ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ። ማመልከቻውን የጻፈችው እሷ ናት፣ አይካድም፣ እጇ ለመጻፍ አይሰንፍም። የመጀመሪያውን ደብዳቤስ ማን ጻፈው? ከሰባት ዓመት በፊት፣ የመኪና መስታወት ክርኔን የመታኝ ጊዜ? «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብለው መለሱልኝ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እሷ ብስክሌት እንኳ የላትም። ለፎቶው ከእኔ ነው የተዋሰችው። የእኔ ቅርጫት፣ የእኔ ደወል... የእሷ ጥርስ።

ሴፕቴምበር 10
መንደሩ ሁሉ ባንዲራ ሰቀለ። የአንዱ ደስታ የሁሉም ነው፤ ልደትም ይሁን ሰርግ ሁሉም በየግቢው ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። እኔ አልሰቀልኩም።

ሆልገር በመስኮት አይተውኝ ኖሯል። ገመዱ ተበጥሷል አልኳቸው። «እሁድ ለእህትሽ ልደት ሰቅለሽ አልነበር?» አሉ። ዳሌያቸው እንጂ ዓይናቸው አልተሰበረም።

ሴፕቴምበር 24
የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጣ። ትሑት ሰው። ግቢዬ ውስጥ ችካል ተከለ። መንገዱ በፊት ለፊት በኩል ሁለት ሜትር ይወስድብኛል። የፍሬ ቁጥቋጦዎቼን... የባንዲራውንም ምሰሶ። በወዲያኛው በኩል መቃብር ስለሆነ አይቻልም። ሌሎቹ ባለግቢዎች በሙሉ ፈርመዋል። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እኔ ካልፈረምኩ ገንዘቡ ለሌላ መንደር ያልፋል።

አስብበታለሁ አልኩት።

ከሄደ በኋላ ምን እንደተሰማኝ ልጻፈው? ማንም አያየውም... ደስ አለኝ። እሷ ስንት ገጽ ሙሉ ጻፈች። የእኔ አንዲት ፊርማ ከሌለች ግን ሁሉም ወረቀት ነው።

ኦክቶበር 6
ቪቤከ ኬክ ይዛ መጣች። ራሴ ጋገርኩት አለች፤ ከሥሩ የዳቦ ቤቱ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ድመቷ ኩላሊት... ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦዲልዬ፣ ምን ባደርግልሽ ነው የምትፈርሚው?»

ምን ልበላት? እኔንም ጋዜጣ ላይ አውጪኝ? ምሰሶውን የተከለው አባቴ ነው አልኳት። እውነት ነው። ያስጨነቀኝ ግን እሱ አልነበረም።

ምሰሶ ተነቅሎ ይተከላል አለችኝ። እኔም ብልጭ አለብኝ። «አንቺ ብስክሌት ሳይኖርሽ የመንገድ እናት ሆነሽ የለ? እኔም ደስ ሲለኝ እፈርማለሁ።»

ፊቷ ቀላ። ኬኩን ትታ ወጣች። ሦስት ቁራጭ በላሁ። መጥፎ አልነበረም።

ኦክቶበር 7
ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ወተቴን ይዤ ወጣሁ።

ኦክቶበር 19
ከሥራ ስመለስ ሆልገርን አስፋልቱ ላይ አገኘኋቸው። ብቻቸውን፣ መደገፊያቸውን እየገፉ፣ ነጩን መስመር ይዘው። ከኋላቸው አራት መኪና ቀስ እያለ ይከተላል። አንድም ጥሩምባ የነፋ የለም፤ እሱ ነው የባሰው... ቀብር ነበር የሚመስለው። ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥኩ።

ምን ሊሠሩ ወጡ አልኳቸው። ከማርግሬተ ጋር ስምምነት አላቸው ለካ። እስከ ሱቁ ብቻቸውን ሄደው መመለስ ከቻሉ ቤታቸው ይቆያሉ። ካልቻሉ ከገና በኋላ የአረጋውያን ቤት ይገባሉ። ሊሞክሩት ነው የወጡት። ግማሹን እንኳ አልደረሱም።

ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ደጄ ጋ ስንደርስ ምሰሶውን ሽቅብ አዩና፣

«ገመዱ ተሠራ?» አሉኝ።

ኦክቶበር 20
ፈረምኩ። የአረጋውያን ቤቱ ነገር መንገዱ እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ ለማርግሬተም ደወልኩላት፤ እሺ አለች።

መሐንዲሱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። የምሰሶውን አዲስ ቦታ እኔ ልምረጥ። መብትዎ ነው አለ። ከጓሮ መረጥኩ፣ ከቪቤከ የማድ ቤት መስኮት ፊት ለፊት። ደግሞ ረዘም ያለ ይሁን አልኩ። የወሰዱብኝን ሁለት ሜትር ወደ ላይ አስመለስኩት።

ጁን 14
መንገዱ ትናንት ተመረቀ። ሪባኑን ቪቤከ ቆረጠች። ብዙ ሰው አመሰገነች፣ እኔን አልጠራችኝም። ጠብቄ ነበር እንዴ?... ጠብቄ ነበር። ባንዲራ ግን ሰቀልኩ። ለሆልገር ነው።

ዛሬ ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትጫወተው አኔግሬተ ከብስክሌቷ ወርዳ አንድ ሰዓት አወራችኝ፤ ወንድ ልጇ ሊፋታ ነው። ሆልገር ሱቅ ደርሰው ተመለሱ። ብቻቸውን። ዳቦውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

አመሻሽ ላይ ቪቤከ በጓሮ በኩል መጣች። የባንዲራሽ ገመድ እየተንኳኳ አስቸገረኝ ልትለኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። መንገዱ በእሷ በኩል አያልፍም፤ ጓሮ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ድመቷና እሷ። አጥሩን ተደግፋ ወደ ደጄ አሻግራ ታያለች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በመስታወት ያየሁት ነው።

«ዛሬ ማን ማን አለፈ?» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት። ከአኔግሬተ ልጅ ጀመርኩ። ከዚያ ስለ ሆልገር ነገርኳት፤ ዳቦው ተወደደ ብለው እንደተማረሩ፣ ነገ ደግሞ እስከ ትምህርት ቤቱ እሞክራለሁ እንዳሉ።

«ሌላስ?» አለች።