በስሜ ስለተመዘገበው የሸምሱ ደም

ይድረስ ለጓድ በላይነህ
የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ቴፒ

ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እኔ ግን እርስዎ ከሚያውቁት በላይ ደህና መሆኔን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ማናልሞሽ ገሠሠ እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ የስኳር በሽታ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደብዳቤዬን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መሳቢያዎ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ስለሆኑ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና አለኝ። በሐምሌ 1975 እግሬ ቢያብጥ፣ «ስኳር ኩላሊትን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ሰውየው ሳይሰማው ደሙ ቀድሞ ይናገራል» ብለው ደሜን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው፣ በበረዶ ፔርሙዝ አሽገው፣ ቡና በሚያመላልሰው በሾፌሩ በሸምሱ እጅ ለምርመራ ወደ ጅማ ላኩልኝ። ምክሩ እውነት ነበር።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ሲመጣ «ኩላሊት ማጣራት ሲደክመው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ክሬያቲኒን ከልክ አልፏል» ብለው ጨውና ሥጋ ከለከሉኝ። አራት ወር ሙሉ ጨው ያልነካው ጎመን በላሁ። ልጆቼን ለእህቴ ለማሚት አደራ ሰጠሁ፤ እሷም ገና በቁሜ የስፌት መኪናዬን መለማመድ ጀመረች።

በኅዳር ሸምሱ ሱሪው ሰፍቶት እንዳጠብብለት መጣ። ክስት ብዬ ቢያየኝ እንባው መጣ።

«እትዬ ማናልሞሽ፣ ወላሂ ያ ደም የኔ ነው» አለኝ።

ለካ ቦንጋ አጠገብ ጭቃው መኪናውን ሲያንገላታው ጠርሙሷ ተሰብራ ኖሯል። እርስዎን ፈርቶ፣ ጅማ ሲደርስ ወረቀቴን ሰጥቶ የራሱን ክንድ ዘረጋ። «ጤነኛ ደም ስለሆነ አይጎዳትም ብዬ ነው» አለ። በመቀሱ ልለው ቃጣሁ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ሱሪ አየሁ፤ እኔንም ስኳር ሲይዘኝ መጀመሪያ የሰፋኝ ልብሴ ነበር።

«ውሃ ይጠማሃል?» አልኩት።

«በቀን አንድ ጀሪካን አይበቃኝም።»

«ሽንትስ?»

«መኪናው ከሚሄደው እኔ የምቆመው ይበዛል።»

ሦስተኛ፣ እጁን ይዤ ቢሮዎ ድረስ አመጣሁት። መዝገቡን ሲገልጡ የጅማው ባለሙያ «ጾታ፦ ወንድ» ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ሴት» ብለውታል። ስለ ሴትነቴ ያደረጉትን ተጋድሎ መቼም አልረሳውም። ነገሩን ስናስረዳዎት «ጓድ ማናልሞሽ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው፤ ማኅተምም አርፎበታል» ብለው ሸኙን።

ስለዚህ በሸምሱ መኪና ሁለታችንም ክንዳችንን ይዘን ጅማ ሄድን። የኔ ኩላሊት ደህና ሆኖ ተገኘ። ሸምሱ ግን ስኳር እንዳለበት፣ ኩላሊቱም መድከም እንደጀመረ ተነገረው። ወደ ቴፒ ስንመለስ ቦንጋ ስንደርስ «ያቺ ጠርሙስ ባትሰበር ኖሮ መቼ አውቅ ነበር?» አለኝ። እኔም ትከሻውን ያዝኩት።

አሁን ጨው አልባውን ጎመን የምሠራው ለእሱ ነው፤ ያማርራል፣ ግን ይበላል። የታዘዘለትን ኪኒን ግን የኩላሊት ካርዱ በኔ ስም ስለሆነ ለእሱ አንሰጥም ብላችኋል። እኔ እየፈረምኩ እቀበላለሁ፤ እሱ ይውጣል። ስለዚህ ትብብርዎ ሁለታችንም እጅ እንነሳለን።

ኩላሊቶቿ ጅማ ላይ ጤነኛ፣ ቴፒ ላይ ሕመምተኛ የሆኑባት፣
ለማኅተምዎ ዘወትር ታዛዥ፣
ማናልሞሽ ገሠሠ
የካቲት 1976 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በዓመታዊ ሪፖርትዎ «አንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ በጤና ጣቢያው ምክር ሙሉ በሙሉ ድናለች» ብለው ማስፈርዎን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በመዳኔ ካርዱ ስለተዘጋ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሸምሱ ኪኒን አላገኘም። በትሕትና የምለምንዎ፣ በአንድ አጭር ደብዳቤ መልሰው እንዲያሳምሙኝ ነው።