በጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ ያስቀመጥከው

ለወንድሜ ለኢግሳን፣
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሽሪንስ እንዴት ናት? ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ጾሙ አልከበዳትም? የአገሩ ነጎድጓድ፣ የአዲሱ ሱቅ ሩጫ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። «በሕይወት» የምትለዋን ቃል ዝም ብለህ አትለፋት። ሰላምታውን ያስቀደምኩትም እማ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ ሆዴ አሮ ለሰላምታ የሚሆን ቦታ ኖሮት አይደለም።

ወረቀት ላይ የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ እንዳይመስልህ። ስደውል «እሺ፣ እሺ ፋልዲላ፣ ደንበኛ መጣብኝ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋለህ። የድምፅ መልእክት ስልክልህ ደግሞ አፍጥነህ ነው አሉ የምትሰማው። እህትህን እንደ ወፍ እያስጮህክ! ወረቀት ግን አፍጥነህ አትሰማውም። ጋሼ ፋይክ በከባድ መኪናቸው የወይን ፍሬ ጭነው ወደ እናንተ ስለሚመጡ በእጅህ እንዲያስረክቡህና አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቆሙ አስምያቸዋለሁ።

እማ የነገረችህ «ሐጂ አርሚን ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው» ብላ ነው። ለአንተ ስትል ዋሸች፣ ያውም በረመዳን። እኔ አልዋሽልህም።

ከዚህ ስትነሣ ፍሪጁ በር ላይ የደረደርካቸውን ጠርሙሶች ታስታውሳቸዋለህ? «ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ነው የሚፈልጉት፣ የእኔን ፍሪጅ ሸጬዋለሁ፣ ለጊዜው እዚህ ይቆዩልኝ» አልክ። እማም ለልጇ ነውና ወተቷን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችህ። እኔ ምንድን ናቸው ብልህ «ማጣፈጫ ነው፣ ለሥራ ነው» ብለህ አለፍከኝ። አንዱ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ነበር፣ አንዱ የማንጎ አቻር ብልቃጥ። ሦስተኛው እማ ጨርሳ አጥባ ያስቀመጠችው የጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ ነው፣ ከነአበባ ሥዕሉ። ሦስቱም ላይ አንዲት ቃል አልጻፍክም።

ረመዳን ሲጋመስ እማ ቡበር ሳትሠራ ቀርታ አታውቅም፤ ዘንድሮም ትልቁን ድስት ጣደች። ወተቱን አፈላች፣ ፊደሊኒውን በቅቤ ቆላች፣ ሄሉንና ለውዙን ጨመረች። ድስቱን ካወረደች በኋላ የጽጌረዳ ውሃዋን ብትፈልግ አልቋል። ፍሪጁን ስትከፍት አበባ የተሳለበት ጠርሙስ ሞልቶ ቆሟል። ከፍታ ብታሸተው ጽጌረዳና ሄል ሸተታት። «ኢግሳን ይባረክ፣ ትቶልኝ ነው የሄደው» አለች። ታናሽ እህታችን ታስኒም አጠገቧ ቆማ ሰምታለች። እየመረቀችህ ነው ድስቱ ውስጥ የገለበጠችው፣ ኢግሳን። እየመረቀችህ!

ጽጌረዳና ሄል ለምን እንደሸተተ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። «የእናቴ ቡበር» የሚል አዲስ የቬፕ፣ የዚያ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ጣዕም ለደንበኞችህ እያወጣህ ኖሯል። ኋላ ልትበርዘው ያሰብከውን ብርቱ ኒኮቲን በእናታችን ድስት ሽታ አጅበህ፣ በእናታችን ጠርሙስ ሞልተህ፣ እናታችን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥከው። ታዲያ እሷ በምን ትለየው?

በምላስ እንዳትል። ጾመኛ ነች። የሌላው ቤት ሴት በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትተፋ ይሆናል፤ እማን ታውቃታለህ፣ አዛን ሳይል ማንኪያ ወደ ከንፈሯ አይጠጋም። በዚያ ሳምንት እኔ አልጾምም ነበር፣ ምክንያቱን ሴት ነኝና አትጠይቀኝ። ቤት ብሆን ኖሮ «ነይ ቅመሺልኝ» ትለኝ ነበር። ግን ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ትርፍ ሰዓት አስገብተውን ቆየሁ። ቤት ስደርስ የሰፈሩ ልጆች ጎድጓዳ ሳህኖቹን ተቀባብለው ለየጎረቤቱ አድርሰዋል። ድስቱ ሥር የቀረውን በማንኪያ ጨለፍ አድርጌ አፌ ውስጥ ሳደርገው ምላሴን እንደ በርበሬ አንገበገበኝ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ተፋሁት። ጠርሙሱን አንሥቼ ሳሸተው ቬፕ የምታጨስበት የድሮ ክፍልህ ጠረን መጣብኝ። እማ «ምነው፣ ስኳር አነሰው?» አለችኝ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ከቤቶቹ ጣራ በታች ገብታለች፣ ሰው ሁሉ ማዕዱን ዘርግቶ አዛን ይጠብቃል። ምግቡን ፊታቸው አስቀምጠው እንዳይነኩት የያዛቸው ጾማቸው ብቻ ነበር። በየበሩ እያንኳኳሁ «ቡበሩን መልሱልኝ! እንዳትነኩት!» ስል አበድሽ አሉኝ። የማዕዘኑ ቤት ሪያድ ታክሲው ላይ ተደግፎ «ፋልዲላ፣ ፖሊስ ነው ወይስ ባልሽ የሚያባርርሽ?» እያለ ይስቅብኛል። እትዬ ራሽዳማ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንዴ! የሰጡትን ይቀማሉ እንዴ? እናትሽ ናት የላከችልኝ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብለው አለቅም አሉ። ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም። ከእጃቸው ነጥቄ ደጃፋቸው ላይ ደፋሁት። እናቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሠራችውን የረመዳን ምግብ በሰው ደጅ ደፋሁ፣ ኢግሳን፤ እትዬ ራሽዳም በአደባባይ ረገሙኝ። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እራገም ነበር።

ከአንድ ቤት በቀር ሁሉም ጋ ከአዛን በፊት ደረስኩ። ያልደረስኩት ቁርኣን ያስቀሩን የሐጂ አርሚን ቤት ነው። በኩላሊታቸው ምክንያት ሐኪም ከጾም እንደከለከላቸው ታውቃለህ። ሳህኑ ትኩሱን እንደደረሰ በልተዋል። ስገባ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ለሐጫቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለቤታቸው እትዬ ጋሊማ ጭንቅላታቸውን ደግፈው ቁርኣን ይቀራሉ። እንዲያ ሆነውም ሐጂ የእኔን ፊት አይተው ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ትንሽ አቃጠለኝ፣ ልጄ፤ የእናትሽ እጅ ነው ብዬ ነው የቀጠልኩት» አሉኝ። ባቃጠላቸው ጊዜ ቢተዉት ይሻላቸው ነበር። እማን አክብረው ነው የበሉት።

ያ ሲስቅብኝ የነበረው ሪያድ በታክሲው አበረረን። ሆስፒታል ሐኪሟ «ምንድን ነው የወሰዱት? ጥንካሬው ስንት ነው?» ስትለኝ ጠርሙሱን ሰጠኋት። አገላብጣ አነበበችው። «የጽጌረዳ ውሃ፣ ለኬክና ለመጠጥ» ይላል። ቀና ብላ አየችኝ፤ የምቀልድባት መስሏት ነበር። ደወልኩልህ፣ አላነሣህም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዘጋኸው። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ብለህ ጻፍክልኝ። አሊፍ፣ ባ ያስቆጠሩህ ሰውዬ ልባቸው እየደከመ፣ ሐኪሞቹ እየጠበቁ፣ አንተ ምን ፈልገሽ ነው ትለኛለህ! አላህ ይስጣት ሽሪን ስልኳን አነሣች። ከኋላዋ ስትጮህ በጆሮዬ ሰማሁህ፦ «ማን ክፈቱት አላችሁ? ገና አልበረዝኩትም እኮ! የስንት ወር ልፋቴን ነው የደፋችሁት!» አልክ። ሐኪሟም ስልኩን ከእጄ ወስዳ አንተን ጠይቃህ ነው ምን እንደያዘች ያወቀችው።

ሐጂ ተርፈዋል። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ተኝተዋል። እጃቸው ግን ዛሬም ይንቀጠቀጣል፣ ለማታው የተራዊሕ ሰላት መቆም አልቻሉም፤ ከአልጋቸው ሆነው የመስጊዱን ድምፅ ይሰማሉ።

በማግሥቱ ደግሞ ለእማ ደውለህ «ሰው የሰው ዕቃ አይነካም» አልካት። የማን ፍሪጅ? የማን ጠርሙስ? ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ «እውነቱን ነው፣ ጠይቄው መክፈት ነበረብኝ» አለች። በገዛ ወጥ ቤቷ! ያን ቀን ፊቴ ብትቆም ኖሮ እጄን አነሣብህ ነበር፣ ወላሂ።

አላዋቂ ብትሆን ነገሩን እተወው ነበር። ሱቅህን ስትከፍት የላክህልን ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ለሽያጭ የደረደርከው ሁሉ በቡናማ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑ ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም፣ ወረቀቱ ላይ ጥንካሬው፣ የተሠራበት ቀን፣ የራስ ቅል ሥዕል፣ ልጆች እንዳይደርሱበት የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ሁሉን ታውቃለህ ማለት ነው። ስሙን ለማታውቀው መንገደኛ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገህ፣ እናትህ ቤት ስትደርስ ያገኘኸው ዕቃ ይበቃል አልክ። ንዴቴ ይህ ነው። ለእናትህ ሲሆን ክዳን ለመግዛት ሰነፍክ።

የቀሩትን ሁለቱን ጠርሙሶች መድኃኒት ቤት ወስጄ አስረክቤያለሁ። ልፋቴ ብለህ ጩኽ፣ እንደፈለግህ ጩኽ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ የሳል ሽሮፑን ጠርሙስ ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ታስኒም በብርድ ጊዜ እንዴት እንደምታስል አንተው ታውቃለህ፤ ከዚያ በላይ እንዳስብ አታድርገኝ።

አሁን የምልህን ስማ፣ ታላቅህ ነኝ። ቤትህ የምትቀምመውን ሁሉ ለደንበኛ በምትሰጠው ዓይነት ጠርሙስ አድርገው። ምግብ ወይም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ውስጥ ጠብታ እንዳታስገባ። ምን እንደሆነና ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል ፊደል ጻፍበት። ከምግብ ፍሪጅ አውጣው፤ ቅዝቃዜ ካስፈለገው ሌላ ትንሽ ፍሪጅ ግዛለትና ቆልፍበት፣ ካላስፈለገው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ ከፍ ያለ ቦታ ስቀለው። ሽሪን ልትወልድ ነው። ያ ልጅ ይድሃል፣ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ሐጂን ያየሁበትን ዓይን በአንተ ልጅ ላይ እንዳልደግመው።

ሰፈሩ ክፉ ቃል አልተናገረንም። ሳህኖች እንደ ድሮው ከየቤቱ ይመጡልናል፤ እትዬ ራሽዳም ታርቀውኝ ሳሞሳ ልከውልኛል። የእኛ ሳህኖች ግን ታጥበው ይመለሳሉ፤ ይብሉት ይድፉት አናውቅም፣ አንጠይቅምም። እማ ግን ሳትጠይቅ የገባት ይመስለኛል።

በል እንግዲህ፣ ታስኒም ሰላም ብላሃለች፤ አንተ ነህ ያሳደግከኝ፣ እንዳትረሳ በይው ብላለች፣ አሁንም ትወድሃለች። ባለቤቴ ዩኑስ ሰላም ይልሃል፣ የብረት ሣጥኑን እኔ እሠራለታለሁ ብሏል። እትዬ ጋሊማን ምን ልጻፍላቸው ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ ስለዚህ ከእሳቸው ሰላምታ የለህም። ሐጂ አርሚን ግን ሰላም ብለውሃል፤ «ልጁን አታስጨንቂው» ብለውኝም ነበር፣ እንዳየኸው አልታዘዝኳቸውም። ለሽሪን የእኔን ሰላምታ በጣም አድርገህ አድርስልኝ፤ በርቺ በላት።

እማም ሰላም ብላሃለች፣ ጤናህን ጠይቃለች፣ ይህን ግን እንዳልነግርህ ለምናኛለች። አሁን ለጎረቤት የምትልከውን ከአዛን በፊት አትልክም። አዛን ሲል ከሳህኑ መጀመሪያ ራሷ ትበላለች። ከዚያ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ የሚያማት ነገር ካለ ብላ ትጠብቃለች። ምንም ካልተሰማት ነው ልጆቹን ጠርታ የምትልከው፤ እስከዚያ ሰፈሩ አፍጥሮ ጨርሷል። ይህን ስጽፍልህም እዚያው ተቀምጣለች። ለዒድ ና፣ ኢግሳን። መጥተህ እሷን አስነሣትና ወንበሩ ላይ አንተ ተቀመጥ።

እህትህ ፋልዲላ
ሶልት ሪቨር፣ ኬፕ ታውን
ረመዳን 22 ቀን 1447