የሞጣው ናሙና

ሰኞ፣ ቢቸና

ሁለቱ ናሙናዎች የአንድ ሰው ናቸው። ፕሮግራሙን አራት ጊዜ አስኬድኩት፤ ያው ነው። አንዱ ዓምና እዚህ ቢቸና የተወሰደ፣ ሌላው ዘንድሮ ሞጣ። ሁለቱም የምግብ ቧንቧ ካንሰር። መንትዮች ናቸው እንዳልል፣ መንትዮችም ቢሆኑ እጢያቸው ውስጥ ተመሳሳይ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዘረመል ለውጥ፣ አይገኝም።

ጠዋት ሞጣ ክሊኒክ ናሙና ለምትወስድልን ለሲስተር ዘነበች ደውዬ ጮህኩባት። ብልቃጥ አቀያይረሻል አልኳት። «የኔ እጅ አይሳሳትም» ብላ ዘጋችብኝ።

አለቃዬ ሁለቱንም ጣያቸው ይላል። አልጥልም። ሦስት ዓመት ላፕቶፕ ላይ ተደፍቼ ያገኘሁት አንድ ደህና ውጤት እዚህ ሰው ዘረመል ውስጥ ነው። እኛ የምናየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም ማየት ክልክል ነው። የታሸገውን የስም ዝርዝር ከፈትኩት። የቢቸናው ሙሉቀን ይባላል። የሞጣው ገብረ ጻድቅ።

ማክሰኞ

የሙሉቀን ቤት ተቃጥሏል። ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ የበሩ መቃን በጥይት ተበሳስቷል። ዓይን ያለው ሰው ከዚያው ይመለስ ነበር። እኔ የማስበው ስለ ናሙናዬ ነው።

ማዶ ካለው ቤት ደጃፍ አያ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ውሃ አጠጡኝ። የሙሉቀንን የክርስትና ስም ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ገብረ ጻድቅ» አሉ።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በቃ እሱ ነው፣ ሞጣ በክርስትና ስሙ እየታከመ ነው አልኩ። እንዲያውም ክሊኒኩን ነገርኳቸው። ማን ጠየቀኝ?

ኩባያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ሞጣ» አሉ ቀስ ብለው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

ዘነበችን ይቅርታ ልጠይቅ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ረቡዕ፣ ሞጣ

ቢቸና ቁርስ ላይ የሆቴሉ ባለቤት ትናንት የት ዋልሽ አለችኝ። ነገርኳት። ሳህኑን አስቀመጠች።

«አያ ውበቱን ነው የጠየቅሻቸው? ሙሉቀን እኮ የበኩር ልጃቸውን ነው የገደለው። በእርሻ ወሰን ተጣልተው። ልጆቻቸው ዛሬ ጎህ ሲቀድ በአይሱዙ መኪና ወደ ሞጣ ወጥተዋል፣ ሽማግሌውም አብረው።»

ስልኩ አሁንም አይሠራም። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆምን፤ ረዳቱን ሰደብኩት። ደብረ ወርቅ ላይ ደግሞ ሌላ ሰዓት።

ሞጣ ስደርስ የክሊኒኩ በር ተገንጥሏል። ዘነበች ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ገብረ ጻድቅ የሚባል የለም ብላ ሦስቴ ክዳለች፤ በሦስተኛው የሽማግሌው ልጆች በሰደፍ መቷት። ክንዷ ተሰብሯል፣ የፊት ጥርሶቿ ረግፈዋል። ከዚያ ክፍል በክፍል ፈልገው አልጋው ላይ አገኙት። አንዱን ጥይት ግድግዳው በላው፣ አንዱ ጭኑን በሳው። ፖሊስ ደርሶ ሁለቱን ልጆች ያዘ።

ደም የማውቀው በብልቃጥ ነበር። ጨርቅ ይዤ ወለሉን ጠረግሁ፤ ይሰፋል እንጂ አይለቅም። ዘነበች እያየችኝ፣ «የኔ እጅ አይሳሳትም አላልኩሽም?» አለች። ከአፏ ደም እየወረደ። ይቅርታ ሳልላት ጨርቁን ጨምቄ እንደገና ጎንበስ አልኩ።

ሐሙስ

ሙሉቀን አልሞተም። ጭኑ ታስሯል። መዋጥ ስለማይችል ውሃ በማንኪያ ነው የሚሰጠው።

አያ ውበቱ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሣሪያ ስላልያዙ ፖሊስ አልነካቸውም። ለጥበቃው በግልጽ ነግረውታል፦ የወንድማቸው ልጆች እየመጡ ነው፤ ነገ ይደርሳሉ። ፖሊሶቹ ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት።

ቀኑን ሙሉ የማውቀውን ነገር ይዤ ተንቆራጠጥኩ። እጢው ተሰራጭቷል። ይህ ሰው የቀረው ጥቂት ወር ነው፤ እሱ ራሱ አያውቅም። አስር ሰዓት ላይ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያጋለጥኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። በሽታውንም ነገርኩት።

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ይህንን ለአያ ውበቱ ንገሪያቸው» አለኝ።

ምስጢር ነው፣ አይቻልም አልኩ።

«ምስጢሬን አንዴ ነግረሻቸዋል እኮ እህትዓለም። ይችንም ጨምሪላቸው።»

ዓርብ

ጠዋት ሄጄ ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። ሙሉቀን ፈቅዶልኝ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ጉሮሮው እየተዘጋ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደማይመልሰው፣ ክረምቱን እንደማይዘልቅ ነገርኳቸው። በጥይት ባትገድሉት እንኳ መሞቱ ነው አልኩ። ቃሉ ከወጣ በኋላ አፈርኩ።

ልጄን ቀብሬያለሁ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወይም ይመቱኛል ብዬ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ያማል?» አሉ።

አዎ አልኩ።

«በጣም?»

በጣም አልኩ።

ስልካቸውን አውጥተው ወደ መንገዱ ዞር አሉ። ኔትወርክ ተመልሷል። «ተመለሱ» ሲሉ ሰማሁ፤ «ተመለሱ አልኳችሁ።» እሳቸው ግን አልሄዱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እዚሁ እጠብቃለሁ አሉኝ፣ ሕይወቱ እስኪያልፍ።

ዘነበች በደህና እጇ የሕመምተኞቹን የስም መዝገብ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን የት እንዳደረገች አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ሙሉቀን ምን አሉ አለኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር። ያማል ወይ ብለው ጠየቁኝ አልኩት።

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ደግ አደረግሽ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ስለሚበረታባቸው ጥላ ያለበት ወንበር እንዳወጣላቸው ለመነኝ። አወጣሁላቸው። ተቀመጡበት።