ሐዳሳን ባሕር ማን ያሳያት

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ለማራኪ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል ያልሽኝ ወገብሽስ ተሻለው? የጆሃንስበርግ ብርድ ወጣ ወይስ ገና ነው? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ የዘመን መለወጫ በዓላችንን ያሆዴን ያለ በሽታ አልፈን ጥቅምትን ይዘናል። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ትንሹ ልጄ ነህምያ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ሲስቅ አንቺን በልጅነትሽ ቁጭ ነው። እኔም ከቅናት በቀር ምንም አላመመኝም።

ጎረቤታችን ሲላስ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥሽ፣ አንቺ መጀመሪያ እሽጉን ፈተሽ "ቅቤውስ?" ማለትሽ አይቀርም። በርበሬ አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ እማዬ ያደረቀችው ቡላ አለ፣ ቅቤ ግን የለም። ሲላስን እንዳትጠረጥሪው፣ ልጁ ንጹሕ ነው። ቅቤውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያስጠፋሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ልጄ ሐዳሳ ከጎኔ አትጠፋም፣ ደግሞም አንቺ ስትስቂ እኔም ስለምስቅ ንዴቴ ሜዳ ላይ ይቀራል። በወረቀት ሲሆን ሳታቋርጪኝ ትሰሚኛለሽ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት፣ ሦስቱን ጉዞዎች በቴሌግራም የላክሽልን ዕለት ነው። "ሐዳሳ ለአጋማሽ ዓመት እረፍቷ ትምጣልኝ፣ መርከብና የብስ አንድ ላይ የሆነ ጉዞ ልጋብዛት፣ ከእሷ ጋር ሆነሽ ምረጪ" አልሽኝ። ምረጪ! እኔ የማልጠራበትን ሠርግ ልብስ እንደማስመረጥ ቁጠሪው። መርከቡ ላይ ያለው ክፍል ስንት አልጋ ነው ብዬ ብጠይቅሽ ሁለት አልሽ። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የልጄ። ያን ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጋር መምረጥ ምን እንደሚመስል አታውቂምና ልንገርሽ። እኔ አጭሩን ጉዞ ስል እሷ ረጅሙን አለች። እኔ መስኮት የሌለውን ክፍል አልኩ፣ ለመተኛት መስኮት ምን ያደርጋል ብዬ፤ እሷ በረንዳ ያለውን። ወላጅ የማይገባበት የወጣቶች ክፍል አለ ስትለኝ "ምን ሊሠሩበት ነው ወላጅ የማይገባው?" ብዬ ተነሳሁ። "እማ፣ ፒንግፖንግ ነው እኮ" ብላ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰቀለችብኝ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አክስቴ እንዲህ አለች፣ አክስቴ እንዲያ አለች። ድንች ስትልጥም አክስቴ። ጸሎት ላይ እንኳን ያንቺ ስም ከእኔ ቀድሞ ተነሳ፣ በጆሮዬ ሰማሁ! ለባሌ ለታዴዎስ ባማርር "ተይ እንጂ፣ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ፣ ቅናት አጥንት ያነቅዛል" አለኝ። ይንቀዝ! አዝዬ ያሳደግኋት እኔ፣ ኩፍኝ ሲጥላት አጠገቧ የተኮራመትኩት እኔ፣ ባሕር የምታሳያት አንቺ?

ስለዚህ እኔም የራሴን መርከብና የብስ አሰናዳሁ። አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ፣ ከዚያ ወርደን ምንጮቹንና ጫካውን በእግር። ካንቺ በፊት ትልቅ ውሃ ከእናቷ ጋር ታያለች አልኩ። ለዚህ የሚሆን በእጄ የነበረው የዊጆ ቅቤዬ ብቻ ነበር። አገር ከለቀቅሽ ቆይተሻልና ላስታውስሽ፤ ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፣ ተራዋ የደረሳት ደግሞ ለያሆዴ ካልሆነ አትነካውም። ሰው እንዳያየኝ ብዬ የሆሳዕናን ገበያ ትቼ ሾኔ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ገና ነጋዴው ፊት ክዳኑን ስከፍት "ጣቢታ?" የሚል ድምፅ ከጎኔ መጣ። ዞር ብል የዊጆአችን ሰብሳቢ አስካለች! ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ ኖሯል። ምን ቸግሮሽ ነው ብትለኝ ሌላ ውሸት አልመጣልሽ አለኝና "ለውሃ ነው፣ ልጄን ትልቅ ውሃ ላሳያት" አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ "ሰው ቅቤውን ለውሃ ይሸጣል?" ብላ ጥላኝ ሄደች።

በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ ገባን። ጀልባዋ ገና ከዳር ስትለቅ ወዲያና ወዲህ አለች፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የመቀመጫውን ብረት ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። "እማ፣ አዞ!" ትላለች፣ "ኢየሱስ!" እላለሁ። "እማ፣ ጉማሬዎቹን እዪ!" ትላለች፣ እኔ ራሴን ጉልበቴ መሃል ቀብሬ እጸልያለሁ። መሃል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ቀስ ብላ "እማዬ፣ እዪው እንጂ፣ እንዴት ያምራል" አለችኝ። እማዬ ካለችኝ ስንት ጊዜዋ ነው! እንደዚያም ሆኖ ዓይኔን አልከፈትኩም። የከፈትኩት እግሬ መሬት ሲረግጥ ነው።

የባሰው ገና ነው። ወርደን ዓሣ ስንበላ ስልኳን እያየች ትንፈቀፈቃለች። ምን አሳቀሽ ብላት፣ ለካ ጀልባው ላይ የቀረጸችውን ቪዲዮ ላንቺ ልካ አንቺም መልሰሽላታል! በቅቤዬ የተገዛውን ውሃ ጆሃንስበርግ ቁጭ ብለሽ ከእኔ ቀድመሽ አየሽው። ስልኩን ተቀብዬ እኔም አየሁት። አዞው አለ፣ ጉማሬዎቹ አሉ፣ ነጠላ የተከናነበች አንዲት ፈሪ ሴት አለች። ሐዳሳ የለችም። የምትቀርጸው እሷ ስለሆነች ፊቷ አንድም ቦታ አይታይም። ያን ያህል መንገድ ተንገላትቼ፣ ልጄ መጀመሪያ ትልቅ ውሃ ስታይ ጎኗ ተቀምጬ አላየኋትም። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኼ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። እሺ፣ አንቺም ነሽ።

ያሆዴ ሲደርስ የበዓሉን ምግብ፣ አታካናውን፣ በዘይት ሠራሁት። ዘይት! እማዬ አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። አስካለች ግን ቤቴ ድረስ መጥታ እስኪበቃት ሰደበችኝና፣ ስትወጣ ከራሷ ቅቤ በሳህን ትታልኝ ሄደች። አሁን ሰፈሩ "የውሃዋ ሴትዮ" ይለኛል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ሁለተኛውን ያዢልን፤ መጀመሪያ በአውቶቡስ የዱር እንስሳቱን እያያችሁ እስከ ደርባን፣ ከዚያ መርከቡ። መርከቡ ላይ ስልክ አይሠራም ስላልሽ የብሱ ይቅደም፣ ቢያንስ ድምፅዋን እየሰማሁ መለየቱን ልለማመደው። ረጅሙ ይሁን፣ በረንዳውም ይሁንላት፣ ተሸነፍኩ። የፒንግፖንጉን ክፍል ግን ራስሽ ገብተሽ እዪልኝ። ወላጅ አይገባም ካሉሽ አክስት ነኝ በያቸው።

እማዬ ግንባርሽን ስማ ትመርቅሻለች፣ ወገብሽን ሙቅ ጨርቅ ያዢበት ብላለች። ታዴዎስ አክብሮ ሰላም ይልሻል፣ ቅናቱ የእኔ እንጂ የእሱ አለመሆኑን ንገሪልኝ ብሏል። ነህምያ እኔስ መቼ ነው የምትጋብዢኝ ይላል። አስካለች እንኳን ሰላምታ ልካልሻለች። የሐዳሳን እኔ አልጽፍም፣ በየቀኑ ራሷ ትነግርሽ የለም እንዴ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ በእናታችን። አውቶቡሱ ደርባን ሲቃረብ፣ ባሕሩ ገና ሊታይ ሲል፣ በምስል ደውዪልኝ። እሷ አትወቅ። ባሕሩን እንዳታሳዪኝ፣ እሱ ላንቺ ይሁን። ስልኩን ወደ ፊቷ አዙሪውና አይታ እስክትጠግብ ያዢልኝ። እጅሽ ቢዝልም እንዳታወርጂው።

ቀናተኛዋ እህትሽ ጣቢታ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.