በአማና የሰጠሁት ጠብታ

ሚያዝያ 5፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

ጠብታ አድርጌያለሁ። ግራ ዓይን፣ አንድ። ጉሮሮዬን መረረኝ። ክሩ በሦስተኛው ሙከራ መርፌ ውስጥ ገባ። ካኪ ሱሪ ሰባት ደርሷል፤ ቀበሌው ለሚያዝያ 23 ሰልፍ ሃያ ይፈልጋል። ሊቀ መንበሩ ትናንትም መጥቶ አይቶ ሄደ። እሱ የሚያየው ሱሪ እንጂ የልብስ ሰፊ ዓይን አይደለም።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ዓይኔ ቀልቶ ሲጠዘጥዘኝ፣ በየካቲት፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ነው ይህን ጠብታ የሰጠኝ። ሳምንት ተጠቀምና ተመለስ፣ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነጣ። ከዳንኩ ምን ልሠራ ልመለስ? ጠብታውን ግን ወደድኩት። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ከደሴ አስመጣሁ። አሁን ዘሀራ አመሻሽ ላይ ፋኖስ ስትለኩስ በእሳቱ ዙሪያ ቀለበት አያለሁ። ቀይና አረንጓዴ። ነገርኳት። ባለቤቴ ለሁሉም መላ አታጣም፤ የፋኖሱን ብርጭቆ በሳሙና አጠበችው።

ቀለበቱ አለ።

ሚያዝያ 8፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ነገ ረመዳን ነው። መሪጌታ ክንፈ መጡ። ሐይቁ ዳር፣ ወደ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ተቀምጠው ብራና የሚጽፉ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያዛመደን ዓይን ነው፤ እኔ በክር፣ እሳቸው በፊደል። ዛሬ የቀኝ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። ብራና ሲፍቁ ፍቅፋቂው ገብቶባቸዋል። ያነባል፣ ብርሃን አይወድም። ክሊኒክ ይሂዱ አልኳቸው። ለፍቅፋቂ ክሊኒክ ይኬዳል ወይ ብለው ሳቁብኝ።

ያኔ ሐሳብ መጣልኝ። በሐሳብ ማን ይችለኛል! ጠብታው ጉሮሮ ስለሚደርስ ጾም ያፈርሳል ብዬ ወር ሙሉ ልተወው ነበር። የሳቸው ጾም በፋሲካ ተፈታ፣ የእኔ ነገ ይገባል። እንግዲያ ጠርሙሱ ወሩን እሳቸው ዘንድ ይክረም። በአማና ሰጠኋቸው፣ በዒድ ይመልሱልኛል። የእኔን ዓይን ያነጣ የሳቸውን ምን ያቅተዋል? መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ጾም አራተኛ ቀን። ዓይኔ ቀላ። ያውም ከፊተኛው ብሶ። ይወጋኛል። ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው? ጠብታውን ሳደርግ ቀለበት፣ ስተው እሳት። የትኛው ነው በሽታው? እንደ ጫት ሱስ አስይዞኝ ይሆን? ሱሪ ዘጠኝ። አንዱን እግር ከሌላው አስረዝሜ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

ዘሀራ ሼኹን ጠይቅ አለችኝ። ጠየቅኩ። የዓይን መድኃኒት ጾም አያፈርስም፣ ለዓይንህ እዘንለት አሉኝ። ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ፈርጄ ኖሯል! አሁን ጠብታዬን መልሱ ልበል? የሰጡትን? አፈርኩ። ተውኩት።

ሚያዝያ 16፣ ገበያ ቀን

መ/ታ ሱቄ ደጃፍ አረፍ አሉ። ዓይናቸው ነጥቷል ማለት ይቻላል። ሕመሙም ቀንሶላቸዋል። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን ሲያዩኝ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ያዞራሉ፤ በግራው ነው የሚያዩኝ። በቀኝ ጉም ጉም ይላል አሉ፤ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት እንደሚለብሰው፣ ረፈድ ሲል ይገፈፋል።

በጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የጤፍ ፍሬ የምታክል። ወይስ የእኔ ዓይን ነው የፈጠራት? ግራዬን ጨፈንኩ፣ አለች። ቀኜን ጨፈንኩ፣ ሁሉም ብዥ አለ። የትኛውን ልመን? ስለ ነጯ ነገር ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው። ለምን? እንጃ።

ሚያዝያ 19፣ ከጠዋቱ 5 ሰ.

ክሊኒክ። ድሬሰሩ ሁለት ወር ሙሉ የት ከረምክ ብሎ ተቆጣ። ይኼ ጠብታ ያለ ተቆጣጣሪ ሲሰነብት የዓይንን የውስጥ ግፊት ከፍ ያደርጋል አለ፤ ቀለበቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ደሴ ይለካ። በድንገት ማቆምም ልክ አይደለም፤ የዓይኑ ቁጣ ተመልሶ ይመጣል፣ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። እስከዚያ ብሎ ሌላ ጠርሙስ ሰጠኝ። መቀጠልም ጉዳት፣ ማቆምም ጉዳት!

ከዚያ የመሪጌታን ነገር አወራሁለት። እንደ ቀልድ ነበር የጀመርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ጠብታው የዓይንን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ጀርም አይገድልም አለ። ቁስል ባለበት ዓይን ሲገባ ቅላቱ ይጠፋል፣ የዳነ ይመስላል፣ ከሥር ግን ቁስሉ ሊሰፋ ይችላል። የሰው ጠብታ ለሰው አይሰጥም። በተለይ ይኼ። አሁኑኑ ያቁሙና ደሴ ይሂዱ ብሎ ለሁለታችን ወረቀት ጻፈ።

ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወላሂ መስሎኝ ነበር። ለብራና ጸሐፊ ዓይንዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ሚያዝያ 19፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ቤታቸው ሄድኩ። ብራናው እንደተወጠረ ነው፣ መስመሩ ተሰምሯል፣ ፊደል የለበትም። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከራስጌያቸው አንዲት ቋጠሮ አውጥተው ፈቱ። ጠርሙሴ። ከግማሽ በላይ ሙሉ። በቀን አራቴ ያልኳቸውን በቀን አንዴ ብቻ ነው ያደረጉት።

«ጾምህ ሲፈታ ባዶ ጠርሙስ ልመልስልህ ኖሯል እንዴ፣ ሰይዴ?»

ለእኔ ቆጥበው። አለቀስኩ፤ ለታመመ ዓይን ልቅሶ ይጠቅም እንደሁ አላውቅም። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ፊደል ይለይልኛል? አላውቅም አልኩ። የጠብታው ማነስ ዓይናቸውን ያተርፍ ይሆን? ድሬሰሩን ስመለስ ጠየቅኩት። ማነሱ ይሻላል፣ ግን ፍጠኑ አለ።

ሚያዝያ 20፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ቀበሌ። ሊቀ መንበሩ የይለፍ ወረቀት ለመሪጌታ ጻፈ። ለእኔ እንቢ። ሱሪው ሳያልቅ ብትንቀሳቀስ ሱቅህን አሽገዋለሁ አለ። ሽማግሌው በአንድ ዓይን ብቻቸውን እንዴት ይሂዱ አልኩት። ልጅ አይደሉም አለ።

ሱሪ አሥራ አራት። ስድስቱ ገና እንደተቆረጡ ናቸው። ሱቁ ከታሸገ ምን እንበላለን? ዘሀራን እንዴት ላድርግ አልኳት። ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር ስታስገባ አገኘኋት። በአንዴ አስገባችው። የምችለውን ያህል እሰፋለሁ፣ አንተ ሂድ አለች።

ሚያዝያ 21፣ ከጠዋቱ 12 ሰ. ተኩል፣ መኪና ማቆሚያ

ጠብታዬን እንደታዘዘልኝ አድርጌያለሁ። ጾመኛ ነኝ። መረረኝ፣ ዋጥኩት።

መ/ታ ቀድመውኝ መጥተዋል። የሳቸው ይለፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የእኔ የለም። ግፊቱ ስንት ይሆን፣ ጤፏ ትጠፋ ይሆን፣ ሱቄ ይታሸግ ይሆን፣ አንዱንም አላውቅም። የማውቀው መሄዴን ብቻ ነው። ኬላ ላይ ይለፍህ የታለ ቢሉኝ፣ እኔ መንገደኛ አይደለሁም፣ የኚህ ሰው ቀኝ ዓይን ነኝ እላለሁ።

መኪናው ጥሩምባ ነፋ። መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ፣ ከዚህ በላይ መጻፍ