የበሬው ጭድ

ሐምሌ ፲፪፣ እሑድ

ጉሙ ከደጃፌ ሳይነሣ ዋለ። በመጋቢት የእንጨት ቤቴን ግድግዳ ድርብ አሠርቼ፣ ከአባዬ ክምር ያመጣሁትን ጭድ ብርድ እንዲከላከል በመካከሉ ስጠቀጥቅ፣ «የበሬ ቀለብ ግድግዳ ውስጥ ትቀብሪያለሽ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ገቡ። ግድግዳውን ተደግፈው አሸለባቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፤ አልሰበሰቡትም። በሐምሌ አባዬን ያለ ጋቢ አይቼ አላውቅም። እስትንፋሳቸውን ስሰማ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ፣ ከጉሙ ጋር ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ።

ሲነቁ ግድግዳውን ዳበሱ።

«ይሞቃል» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል በመስኮቱ ወደ ግቢያቸው አዩ። በሬው ዝናብ እየወረደበት ቆሟል።

«ጭዱ የሱ አልነበር?»

ተነሥቼ የጓዳዬን ጀርባ አየሁ። ለአንድ በሬ መጠለያ የሚሆን ቦታ አለ።